ሳይታረም የቀረው ገጽ

ይታየሽ ደብተሩን ከነጠላዋ ሥር ስታወጣው፣ ገና ሳትከፍተው አወቅሁት። ሽፋኑ ላይ የአውሮፕላን ሥዕል አለበት፤ አንዱ ክንፍ በኩራዝ ጥላሸት ጠቁሯል። ከአራት ዓመት በፊት ይኸው ደብተር እኔ ቤት፣ እኔ መደርደሪያ ላይ፣ ስምንት ቀን ሳይከፈት ተቀምጦ ነበር።

«ግማሹ ባዶ ነው፣ መምህር» አለችኝ። «ደረሰ ጀምሮ የተወው ነው። እናቴ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣው አገኘሁት። ወረቀቱ ለምን ይባክናል ብዬ።»

ደረሰ ታናሽ ወንድሟ ነው። እሱም እንደ እሷ እዚሁ በረንዳዬ ላይ፣ እዚሁ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ላይ ተቀምጦ እንግሊዝኛ ተምሯል። አንድ ቀን ደብተሩን እኔ ዘንድ ትቶ፣ በጂቡቲ አድርጎ ወደ ዐረብ አገር ሊሻገር ከሰቆጣ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አንዴ ጂቡቲ ታየ ተባለ፣ አንዴ የመን ገባ ተባለ፤ ድምፁን ግን የሰማ አልነበረም።

ይታየሽ ገጾቹን እየገለበጠች ሄዳ እሱ የጻፈበት የመጨረሻው ገጽ ላይ ቆመች። ዐሥር አጫጭር ዐረፍተ ነገር አለበት። የእኔ ቀይ ቀለም አልነካውም።

«ይኸን አላረሙለትም።»

«አላረምሁለትም።»

«ተዉት እንግዲህ። ሲመጣ ራሱ ያሳርማል። እስከዚያ እስክሪብቶ እንዳያርፍበት።»

ያን ጊዜ የተጻፈውን ማንበብ አትችልም ነበር። እኔ ግን በቃሌ ይዤዋለሁ።

ይታየሽ ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ሰሃላ ውስጥ፣ ከመኪና መንገድ ብዙ በራቀ ቀበሌ፣ ዐሥራ ሦስት ዓመት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆና ኖራለች። የተማረችው የክትባትና የወሊድ ነገር ነው፤ የሠራችው ሥራ ግን በአብዛኛው መሄድ ነው። አንዲት ወላድ ዘንድ ለመድረስ ግማሽ ቀን፣ ሕፃን ለመከተብ ግማሽ ቀን፣ ለመመለስ ሌላ ግማሽ ቀን። ሰሃላ ላይ «ዶክተሯ» ይሏታል። እዚህ ሰቆጣ ሲሆን የወለተ ሚካኤል ልጅ ናት፤ እናቷ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ከግቢያቸው አይወጡም፤ አማርኛም ቢናገሩ ሲከፋቸውና ሲደሰቱ ወደ አፍ መፍቻቸው ኽምጥኛ የሚመለሱ ሴት ናቸው። ይታየሽ ባል አግብታ ነበር፤ ባልየው «ሁልጊዜ መንገድ ላይ ያለች ሚስት ምን ትሠራልኛለች» ብሎ ሄደ። እሷ ይህን ስትናገር ሌላ ሰው ላይ እንደ ደረሰ ነገር አድርጋ ነው፤ ትስቅበታለች።

የዚያን ዓመት ከሥራዋ ፈቃድ አስወስዶ ወደ እኔ ያመጣት ፈተና ነው። ወደ ደረጃ አራት የሚያሳድገውን የብቃት ምዘና ሁለት ጊዜ ወድቃለች። በጦርነቱ ሲራዘም፣ ሲሰረዝ፣ እንደገና ሲጠራ ከርሞ የሦስተኛው ቀን ተቆረጠ፤ ይህንንም የወደቀ ከሥራው እንደሚሰናበት ተነገራቸው። ስምንት ሳምንት ቀርቶታል። የወደቀችው በክትባት አይደለም፣ በወሊድም አይደለም። የሩብ ዓመት ሪፖርት በእንግሊዝኛ ጻፊ ሲሏት ነው።

«የሠራሁትን አውቀዋለሁ» አለችኝ። «የሠራሁትን ‹ሠራሁ› ማለት ነው ያቃተኝ። ሁልጊዜ አሁን የምሠራው ይመስልብኛል።»

እኔ እንግሊዝኛ አስተማሪ የሆንሁት በአጋጣሚ ነው። ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ተምሬ ስመጣ ሰቆጣ ላይ ፍልስፍና የሚፈልግ ስላልነበረ «እንግሊዝኛ አስተምር» ተባልሁ፤ ሠላሳ አራት ዓመት አስተማርሁ። ከዚያ ሁሉ ዓመት የተረፈኝ አንድ ዘዴ ነው። ያለፈ ጊዜ የግስ ሰንጠረዥ አላስሸመድድም። ተማሪውን አስቀምጬ «ትናንት» እለዋለሁ። ስለ ትናንት ዐሥር ዐረፍተ ነገር ይጽፋል። ነገም ስለ ዛሬ ዐሥር ይጽፋል። ሌላ ትምህርት የለም።

«ትናንት ምን ሠራሽ?»

«ትናንት ምንም፤ እሑድ ነበር።»

«ምንም ያልሠራ ሰው የለም። ተነሣሽ?»

«ተነሣሁ።»

«ጻፊው። ከዚያስ?»

«ፊቴን ታጠብሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳምሁ፣ በላሁ።»

«ሦስቱንም ጻፊ።»

እስክሪብቶዋን አንሥታ አየችኝ። «እውነት እንግሊዞች ፊታቸውን መታጠባቸውን ሁሉ ይጽፋሉ?»

«ይጽፋሉ።»

«ሥራ ፈት ናቸው» አለች፤ ጻፈችውም።

እንዲህ እየተሳሳቅን ሁለት ሳምንት ሄድን። እኔ ግን የምስቀው በግማሽ ልቤ ነበር። «ዬስተርደይ» ብላ ትጀምርና፣ ከዚያ ቃል በኋላ ጥቂት ታርፋለች፤ ገደል አፋፍ ላይ ደርሶ መንገዱን እንደሚያይ ሰው። ደረሰም እንዲሁ ነበር የሚያርፈው። እሷ ስታነብ ሁለት ድምፅ እሰማለሁ፤ አንዱ ከፊቴ፣ ሌላው ከመደርደሪያዬ በኩል። ሰው ሲያረጅ ጆሮው ይደክማል ይባላል፤ የእኔ ያልተነገረውን መስማት ጀምሯል።

ትምህርቱ ሲያልቅ ደብተሩን ትከድናለች፣ እኔም ሁሌ የምጠይቃትን እጠይቃለሁ፦ «ከደረሰ ወሬ አለ?»

«እንጃ፣ መምህር። የሚያወራ ሁሉ የየራሱን ነው የሚያወራው።»

ይህን ጥያቄ የምጠይቃት እኔ ብቻ አይደለሁም። ሰቆጣ ላይ ይታየሽን ያገኘ ሁሉ በሰላምታው መካከል ያነሣዋል፦ እናትሽ ደኅና፣ ሰሃላ ዝናቡ እንዴት ነው፣ ከደረሰ ወሬ አለ? አራት ዓመት ሙሉ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ቀን፣ ያሲን አስጠራኝ። ያሲን ገበያው ዳር ባለ ሱቅ ሸማና ጨው የሚሸጥ የዕድሜ ጓደኛዬ ነው። የወንድሙ ልጅ ሚፍታሕ ከደረሰ ጋር አብሮ ነው የወጣው። ስገባ ሱቁን በግማሽ ዘግቶ ተቀምጧል፤ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎታል።

«ሚፍታሕ ደወለ» አለኝ።

«እሰይ! በሕይወት አለ?»

«እሱስ አለ፤ እስር ቤት ነበር፤ አሁን ወጣ።» ስልኩን ጉልበቱ ላይ ገለበጠው። «ያኛው የለም።»

ያሲን በዝግታ ነገረኝ። ጂቡቲ ላይ ከሁለት ዓመት በላይ ተንከራተው ባሕሩን ተሻግረዋል። የመን ዳርቻ ላይ በሽታ ገባባቸው፤ ደረሰ ሦስት ቀን ታመመ። ሚፍታሕ በእጁ ቀበረው። ይህ ከሆነ ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል። እኛ «ወሬ አለ?» እያልን ስንጠይቅ እሱ አፈር ውስጥ ነበር።

«ወላሂ፣ ይህን ነገር እኔ ሄጄ ለዚያ ቤት አልናገርም» አለኝ። «የሃይማኖታቸው ሰው ይንገራቸው። አንተ ታውቅበታለህ።»

ወደ አባ ወልደ ኢየሱስ ሄድን፤ የዚያ ቤት የነፍስ አባት ናቸው። አባ ሁሉንም ሰምተው፣ አማትበው፣ የጠየቁት አንድ ነገር ነው።

«የልጅቱ ፈተና መቼ ነው?»

«የዛሬ ስድስት ሳምንት።»

«እንግዲያው ከፈተናው በኋላ። የሞተው ዓመት ከመንፈቅ ታግሧል፤ ስድስት ሳምንት ቢጨመርበት አይቀየመንም።»

እኛ ዘንድ መርዶ እንደ ተገኘ አይነገርም። ነፍሰ ጡር ከሆነች እስክትገላገል፣ አዝመራ ከሆነ እስኪሰበሰብ፣ ድግስ ከሆነ እስኪያልፍ ይጠበቃል። ከዚያ አንድ ማለዳ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ይሄዳሉ። ይታየሽ ዛሬ ብትሰማ መሬት ላይ ትቀመጣለች፤ ቤቱ በለቀስተኛ ይሞላል፤ አርባው ሳይወጣ ከደጅ አትወጣም። የመማሪያ ጊዜዋ በዚያ ያልቅና ፈተናውን ትወድቃለች፤ ከፈተናው ጋር ዐሥራ ሦስት ዓመቷም ይሄዳል። አባ የወሰኑት ትክክል ነበር። ያኔም፣ ዛሬም እንዲህ ነው የማምነው። ነገር ግን በየቀኑ ከፊቷ የሚቀመጠው አባ አይደሉም፤ እኔ ነኝ።

ነገሩ በሦስታችን መካከል እንዲቀር ተስማማን። እስከ ረቡዕ ሰፈሩ በሙሉ አውቆት ነበር። ማን ለማን እንደ ነገረ እግዜር ይወቅ። ግን አንድም ሰው አንድ ቃል አላወጣም። ሰቆጣ ምሥጢር አይጠብቅም የሚል ሰው፣ ሰቆጣ መርዶ ስትጠብቅ አላያትም።

እኔም የበኩሌን አደረግሁ። ከዚያች ሰኞ ወዲያ «ከደረሰ ወሬ አለ?» ማለቴን ተውሁ። እያወቁ መጠየቅ ውሸት ነው፤ ዝምታ ግን ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንሁ። የተማረ ሰው ራሱን ለማሳመን ጊዜ አይፈጅበትም። ሐሙስ ዕለት ትምህርቱን ጨርሳ፣ ደብተሩን ከድና፣ የግቢው በር ድረስ ሄደች፤ እዚያ ቆማ የጫማዋን ማሰሪያ ፈታ አሰረችው። ከዚያ «ደኅና ይዋሉ፣ መምህር» ብላ ወጣች። አላሰብሁበትም።

ከዚያ በኋላ ያሉት አምስት ሳምንታት ከብዙ ዓመቶቼ ይልቅ ረጅም ነበሩ። ይታየሽ በረታች። በፊት የምትቀልድ ሴት አሁን ቀልዷ ቀነሰ፤ ፈተናው ቀርቦ ነው አልሁ። ስለ ትናንት መጻፍ ሲያልቅባት ወደ ኋላ መሄድ ጀመረች፤ ስለ ባለፈው ዓመት፣ ስለ ጦርነቱ ዓመት። አንድ ቀን በትንንሽ ዐረፍተ ነገር እንዲህ ብላ ጻፈች፦ ሰዎች መጡ። ጤና ኬላውን ሰበሩ። እኔ ቀድሜ መድኃኒቱን አወጣሁ። ባዶ ቀፎዎች ውስጥ ደበቅሁት። ቀፎዎቹን ዛፍ ላይ ሰቀልሁ። ማንም ወደ ላይ አላየም። ሁለት ሴቶች ወለዱ። ሁለቱም ዳኑ።

ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በአማርኛ ይህን ነገር ብትነግረኝ ኖሮ «እንዲህ ሆነልሽ፣ እንዲህ ሆነና» እያለች፣ እየማለች፣ እጇን እያወናጨፈች፣ ጎረቤቱንም መልአኩንም እያስገባች ነበር። በማታውቀው ቋንቋ ግን የነበራት የሆነው ነገር ብቻ ነው። ቃል ስላጠራት እውነቷ ራቁቱን ወጣ። እኔ ዕድሜ ልኬን ቃል አጥሮኝ አያውቅም፤ የምሸሸግበት ሁልጊዜ ነበረኝ።

እየበረታች በሄደች ቁጥር የምፈራው ሌላ ነገር ነበር፤ ያ ገጽ። ደብተሩ ሲከፈት ሁሉ መጀመሪያ የሚታየኝ እሱ ነው። ዛሬ ካልሆነ ነገ ታነበዋለች። ስታነበው ደግሞ ማን ዘንድ እንደ ተቀመጠ ታውቃለች።

የደረሰ የመጨረሻ ቀን እንዲህ ነበር የሆነው። ደብተሩን ይዞ መጣና «መምህር፣ ይህችን ዛሬውኑ ቢያርሙልኝ» አለኝ። ታምሜ አልነበረም፣ እንግዳም አልነበረኝም። መጽሐፍ እያነበብሁ ነበር። ዓይኔን ሳላነሣ «እዚያ አስቀምጠው፣ ነገ» አልሁት። ጥቂት ቆመ፤ ጫማው አዲስ ነበር፣ ሲረግጥ ይጮኽ ነበር፤ ያ ድምፅ ዛሬም ድረስ በረንዳዬ ላይ አለ። አስቀመጠና ሄደ። በስምንተኛው ቀን፣ አገር ሁሉ ጠፋ ካለ በኋላ፣ አውርጄ ከፈትሁት።

ትናንት በማለዳ ተነሣሁ፣ ይላል። በቅሎዋን አበላሁ። ፍየሎቼን ሸጥሁ። ጫማ ገዛሁ። ቤተ ክርስቲያን ተሳለምሁ። የእናቴን እግር አጠብሁ። ሚፍታሕ መጣ። ብዙ ተነጋገርን። መንገዱን አየሁት። ለእህቴ አልነገርኋትም።

በዚያው ቀን አንብቤው ቢሆን ገና ወልድያ አልደረሰም ነበር። ስልክ ነበረኝ። ይታየሽ ብትሰማ በእግሯ ተከትላ ትይዘው ነበር። ደብተሩን ለእናቱ መለስሁ፤ የተጻፈውን ግን ለማንም አልተናገርሁም። ሰው ምሥጢሩን ለአንድ ሰው ሊነግር ሲፈልግ ተነሥቶ በቀጥታ አይናገርም፤ በር ይፈልጋል። ደረሰ ያገኘው በር የእኔ ቀይ እስክሪብቶ ነበር። ልከለክለው የምችል ብቸኛ ሰው እንድሆን መረጠኝ። እኔ ግን ዓይኔን አላነሣሁም።

ፈተናው ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ይታየሽ ሳላዝዛት አንድ ገጽ ሙሉ ጽፋ መጣች።

«ስለ የትኛው ቀን ነው?»

«የድሮ ነው። ሰሃላ የተመደብሁ ጊዜ።»

አነበብሁት። የክትባት ሣጥን ነበረኝ፣ ይላል። በረዶው ሳይቀልጥ መድረስ ነበረብኝ። ፀሐዩ በረታ። እኔ ደክሜ ተቀመጥሁ፤ አለቀስሁም። ወንድሜ ሣጥኑን ከትከሻዬ ወሰደ። ሮጠ። ገደሉን ወረደ፣ ወንዙን ተሻገረ። ስደርስ ዛፍ ሥር ተኝቶ አገኘሁት። ሣጥኑን በጋቢው ሸፍኖት ነበር። ከፈትሁት። በረዶው አልቀለጠም።

«አንድም ስሕተት የለበትም» አልኋት።

«አይቼዋለሁ» አለች። ደስ አላላትም። ደብተሩን ወሰደችና ሄደች።

የፈተናው ቀን ከያሲን ሱቅ ፊት ለፊት ተቀምጠን ጠበቅናት። እኩለ ቀን ላይ መጣች፤ ጣቷ ላይ ቀለም ነበር።

«ምን አሉሽ?» አላት ያሲን።

«ባለፈው ሩብ ዓመት የሠራሽውን ጻፊ አሉኝ። ጻፍሁ።»

«ታልፊያለሽ?»

«አልፋለሁ።» ያሲንን አየችው፤ ከዚያ እኔን። «እንግዲህ ጨረስሁ» አለችን። ጥቂት ጠብቃን ሄደች። ያሲን «ደክማለች፣ ምስኪን» አለኝ።

በሦስተኛው ቀን፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ አራት ሆነን ወጣን። አባ ወልደ ኢየሱስ ከፊት፣ እኔና ያሲን ከኋላ፤ ልጅቱ ስትወድቅ የምትይዝ ሴት ታስፈልጋለች ተብሎ ጎረቤቷ ማሬ አብራን አለች። እኔ መንገዱን ሙሉ የምናገረውን እያዘጋጀሁ ነበር፤ ያዘጋጀሁት ሁሉ ከአፌ ሳይወጣ ሞተ።

ግቢው ተጠርጓል። ሰሌንና ቁርበት ግድግዳውን ተከትሎ ተነጥፏል። በሩ አጠገብ ሁለት ጀሪካን ውኃ ተቀምጧል። ይታየሽ የቤቱን በር ከኋላዋ ዘግታ ቆማለች፤ ጥቁር ለብሳለች፤ ሹሩባዋን ፈትታዋለች።

«ቀስ በሉ፤ እናቴ ተኝታለች» አለችን። ከዚያም፦ «ለእኔ ከመጣችሁ ተመለሱ። ለእሷ ከመጣችሁ ግቡ።»

ማሬ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አባ መስቀላቸውን ጨብጠው ቆሙ።

«ልጄ፣ ማን ነገረሽ?»

«እናንተ።»

«እኛማ አፋችንን አልከፈትን!»

«እሱን ነው የምላችሁ፣ አባ» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ እናቷን ላለመቀስቀስ። «አራት ዓመት ሙሉ ከዚህ ወጥቼ ገበያ እስክደርስ ሃያ ሰው ‹ከደረሰ ወሬ አለ?› ይለኝ ነበር። ስልችት ነበር የሚለኝ። አንድ ሐሙስ ወጣሁ። ማሬ ሰላም አለችኝ፤ አልጠየቀችኝም። የያሲን ሚስት ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ፤ አልጠየቀችኝም። ገበያውን ዞርሁት። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ቢጠይቀኝ ብዬ ዞርሁት።» ወደ እኔ ዞረች። «ማታ እርስዎ ጋ መጣሁ። መምህር የተማሩ ናቸው፣ እሳቸው ይጠይቁኛል አልሁ። በሩ ላይ ቆምሁ፤ ጫማዬን ፈታሁ፣ አሰርሁ። እርስዎም አልጠየቁኝም።»

ሁላችንም አዝነንላት፣ ሁላችንም ተጠንቅቀንላት፣ ሁላችንም በአንድነት ነግረናት ነበር።

«ታዲያ ስድስት ሳምንት እንዴት ቻልሽው?» አለች ማሬ እያለቀሰች።

«ብናገር ታለቅሱ ነበር። ብታለቅሱ መሬት እቀመጥ ነበር። ብቀመጥ ፈተናው ያልፋል፤ ፈተናው ቢያልፍ እሷን በምን እጦራታለሁ?» በእጇ ወደ ቤቱ አመለከተች። «አላለቀስሁም አልልም። እሷ በማታነበው ቋንቋ፣ እሷ አጠገብ ተቀምጬ፣ በየቀኑ አለቀስሁ። ‹ምን ትጽፊያለሽ?› ትለኝ ነበር። ‹ትምህርት› እላት ነበር። አሁን ግቡ። ይኸን እኔ ልነግራት አልችልም።»

ገባን። ወለተ ሚካኤል የብዙ ሰው እግር ሰምተው ተነሥተው ተቀምጠዋል። በዚያ ሰዓት ብዙ እግር ሲገባ ምን ማለት እንደ ሆነ የማያውቅ የለም። አባ መናገር ጀመሩ፤ ሽማግሌ እንደሚያደርገው ከሩቅ፣ ስለ ሰው ልጅ እንግድነት። ወለተ ሚካኤል አስጨረሷቸው እንጂ አልሰሟቸውም።

«ማን ቀበረው?» አሉ።

ያሲን ከበሩ ሥር ነበር የቆመው። ወደ ፊት መጥቶ በርከክ አለ። «የወንድሜ ልጅ፣ እናቴ። ሚፍታሕ። ቄስ አልነበረም። ግን ደረሰ አስቀድሞ ነግሮት ነበርና ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ በእጁ አፈር አልብሶታል።»

አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተው የያሲንን ራስ ዳበሱ። ከዚያ በኽምጥኛ አንድ ስም ጠሩ፤ ሕፃን ሳለ የሚጠሩበት ስም ይመስለኛል፤ እኔ ሰምቼው አላውቅም። ይታየሽ ያን ስም ስትሰማ ነው የወደቀችው። ማሬ ያዘቻት። ለቅሶው ከዚያ ተነሣ፤ ፀሐይ ስትወጣ ግቢው ሞልቶ ነበር።

አርባው ወጥቶ በሳምንቱ መጣች። ጥቁሩን ለብሳለች፤ ደብተሩን በእጇ ይዛዋለች። ውጤቱ ወጥቶ ነበር፤ አልፋለች። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሰሃላ እንደምትመለስ፣ እናቷን ማሬ እንደምታያቸው ነገረችኝ። በርጩማው ላይ ተቀመጠችና ያን ገጽ ከፍታ ከፊቴ አኖረችው።

«አሁን ይታረም።»

ቀዩን እስክሪብቶ አነሣሁ።

«መቼ ነው ያነበቡት?» አለችኝ።

አራት ዓመት የፈራሁት ጥያቄ ሲመጣ ትንሽ ነበር። መዋሸት እችል ነበር፤ ታምሜ ነበር ማለት እችል ነበር።

«በስምንተኛው ቀን። ዛሬ ይታረምልኝ ብሎኝ ነበር። ነገ አልሁት። መጽሐፍ እያነበብሁ ነበር።»

ከመንገዱ ማዶ አንድ ሰው አህያ ይገሥጻል። እሷ የምታየው ገጹን ነው፤ የመጨረሻውን መስመር።

«እኔ ያነበብሁት ከፈተናው በፊት ባለው ሳምንት ነው» አለች በመጨረሻ። «የበረዶውን ነገር የጻፍሁት በዚያ ማግሥት ነው። ለእሱ መልስ ብዬ።» ከዚያ፦ «ይረሙት፣ መምህር።»

አረምሁ። ከላይ ጀምሬ ወደ ታች ወረድሁ። ተማሪ ሁሉ የሚሠራውን ስሕተት ሠርቷል፤ «ሸጥሁ» ሲል በ«ሶልድ» ፈንታ «ሴልድ»፣ «ገዛሁ» ሲል በ«ቦት» ፈንታ «ባይድ»።

«ከዐሥር ስንት አገኘ?»

«ስድስት።»

«ስድስት ብቻ?»

«ስድስት ብቻ።»

ሳቀች። እውነተኛ ሳቅ ነበር፤ ራሷንም ያስደነገጣት መሰለኝ። «ሰነፍ ነበር! ነግሬው ነበር፤ እየዘለልህ አትጻፍ፣ አስተውል ብዬው ነበር።» ሳቋ እንባ ይዞ መጣ፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ይቅር አላለችኝም። አልወቀሰችኝምም። ደብተሩን ከድና ተነሣች፣ የግቢው በር ድረስ ሄደች።

እዚያ ቆመች። የጫማዋን ማሰሪያ ግን አልነካችም።

ከመርዶው ወዲህ ሰቆጣ ውስጥ ስሙን የሚያነሣባት እንደሌለ ያን ጊዜ ገባኝ። በፊት እንዳንዋሽ ዝም አልን፤ አሁን እንዳናሳዝናት ዝም ብለናል። ሰሃላ ስትሄድ ደግሞ ዶክተሯ ናት፤ እዚያ ማን ይጠይቃታል? ከወንበሬ ተነሣሁ።

«ይታየሽ» አልኋት። «ደረሰ ልጅ ሳለ እንዴት ያለ ነበር?»

ዞራ አየችኝ። ቀስ ብላ ተመለሰች፣ ነጠላዋን ሰብስባ በርጩማው ላይ ተቀመጠች፣ ደብተሩንም ጉልበቷ ላይ አድርጋ በአማርኛ ጀመረች፤ እየማለች፣ እጇን እያወናጨፈች፣ ጎረቤቱንም መልአኩንም እያስገባች። ፀሐይ እስክትጠልቅ አላቋረጥኋትም።